ከሃይፖው የወጣ ብር

ዲላ፣ መስከረም 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደመላሽ፣ ዛግሬብ፣ ዩጎዝላቪያ።

እንደምን ከረምክ? እኛ ከላይ ዝናብ፣ ከታች ጭቃ፣ ከመካከል የደንበኛ ወሬ ሳይጎድልብን አለን፤ ለዚህም ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። እማዬ ምርቃቷን ቃል በቃል እንድጽፍልህ አዝዛኝ ነበር። ሁሉን ብጽፈው ፖስታው ስለሚከብድ «ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ» ብዬ አሳጥሬዋለሁ። የቀረውን ስትመጣ ከራሷ አፍ ትቀበላለህ።

ፎቶ ቤቱ ደህና ነው። ባለቤቴ ወልደዮሐንስ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ያረፈ ሰሞን «ሴት ፎቶ ልታነሳ?» ያሉኝ ወንዶች አሁን ሚስቶቻቸውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ወንድ ፎቶ አንሺ ዘንድ መላክ አንወድም ይላሉ። በገበያ ቀን ከወናጎም ከፍስሐ ገነትም የመጣው ሰው ቡናውን ሸጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ እኔ ዘንድ ጎራ ይላል፤ ከነጭቃው ይቆምና ከጉልበት በላይ አንሺኝ ይለኛል።

የእማዬ ዓይን ግን እየደከመ ነው። ሐኪሙ ሞራ ነው ብሏል። ሰውን በድምፁ፣ የቤቱን ዕቃ በእጇ ትለያለች። ስትሄድ ካንገቷ አውጥታ ያሰረችልህን የብር መስቀል ሳታነሳ የምትውልበት ቀን የለም። አባባ ጠገራ ብር አስቀልጦ ለሰርጓ ያሠራላት ነው፤ ይህን ታውቃለህ። የማታውቀው፣ በግራው ክንፍ ጫፍ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ያንተ መሆኗን ነው። መጀመሪያ የበቀለችውን ጥርስህን የሞከርካት እዚያ ላይ ነው። እኔ ያን ጊዜ አንተን አዝል ስለነበር አስታውሳለሁ፤ ስታለቅስ መስቀሉን እንሰጥህና ዝም ትላለህ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ነገር ስታስብ አውራ ጣቷ እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ነው። አሁን አውራ ጣቷ ሥራ ፈትቷል።

«ይህንኑ በአንገቴ ይዤ እመለሳለሁ» ብለህ የማልክላትን አልረሳችም። ስለዚህ መስቀሉን አድርገህ የተነሳኸውን ፎቶ ላክልን። እኔ አይቼ እነግራታለሁ።

እህትህ ሸዋነሽ


ዛግሬብ፣ ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ሸዋነሽ፤

ከአገር ርቆ የሚኖር ሰው ሊመኝ የሚችለውን ጤና ሁሉ ለአንቺና ለእማዬ እመኛለሁ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ብርዱም ደህና ነው፤ እኔን ነው ያልተስማማኝ።

ፎቶውን አብሬ ልኬያለሁ። በኬሚስትሪው ክፍል ተማሪ ሁሉ በክራቫት ነው የሚሄደው፤ የቤተ ሙከራው መምህር አንገቱ የተራቆተ ሰው ካየ አሲድ አያስነካም።

አሁን ስለ ሥራሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎቶ ካጠብሽ በኋላ የተገለገልሽበትን የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት፣ ሃይፖውን፣ የት ነው የምትደፊው? ጓሮ ነው ብትይኝ አልደነቅም፤ ሰው ሁሉ ጓሮ ነው የሚደፋው። ግን ስሚኝ። የፎቶ ወረቀት የተቀባው ከብር በተሠራ ነገር ነው። ብርሃን የነካው ቦታ ላይ ብሩ ጠቁሮ ይቀርና ምስሉን ይሠራል። ብርሃን ያልነካውን ቦታ ሃይፖው አጥቦ ይወስደዋል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየን ብሩ የወጣለት ቦታ ነው። ስለዚህ የዲላ ሰው ነጭ ነጠላውን ለብሶ መጥቶ ፎቶ ሲነሳ፣ የነጠላው ብር ሃይፖሽ ውስጥ ይቀራል። ሳያውቀው ትቶልሽ ነው የሚሄደው።

ከዛሬ ጀምሮ አትድፊው፣ አጠራቅሚው። እንዴት እንደሚወጣ በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ። ለምን እንደምፈልገው አሁን አትጠይቂኝ፤ ለሳይንስ ነው በይው።

ታናሽ ወንድምሽ ደመላሽ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደመላሽ፤

ልደትን በሰላም ያውልህ፣ ብርዱንም ያለዝብልህ። እኛ እንደተውከን ነን፤ እማዬ ብቻ ትንሽ ከስታለች።

ፎቶህ ደረሰ። ሙያዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። መብራቱ ከግራ ነው፣ ጥሩ ነው። ጀርባው መጋረጃ ነው፣ የተጨማደደ ነው፣ እኔ ብሆን አላልፈውም። ሸሚዝህ እስከ ጉሮሮ ተቆልፏል፤ በላዩ ክራቫት አለ፤ በላዩ ሹራብ፤ በላዩ ካፖርት። ከመስቀሉ በቀር ያለህን ልብስ ሁሉ አይቻለሁ።

እማዬ ፎቶውን ተቀብላ በጣቷ ዳበሰችው።

«መስቀሉ አለ?» አለችኝ።

«ልብሱ ሥር ይሆናል።»

«ይሆናል ማለት ምንድን ነው? ፎቶ አንሺ አይደለሽ እንዴ?»

«ፎቶ አንሺ እንጂ ልብስ አውላቂ አይደለሁም።»

ሳቀች፤ ግን ወረቀቱን እንደገና ዳበሰችው። ከዚያ ነገሩን ቆረጠችው። ዘንድሮ ክረምት የወናጎው ኃይለኢየሱስ ከእናንተ አገር ለዕረፍት ይመጣል አይደል? መስቀሉን ከእሱ ጋር ይላክልኝ አለች። መሐላህን አንስታልሃለች፤ ካንተ ጋር ሳይሆን ቀድሞህ ቢመጣም ግድ የለም። «ዓይኔ ሳይጨርስ ሳይሆን እኔ ሳልጨርስ ልንካው» ነው ያለችው። ይህንን አላሳጠርኩትም።

ሃይፖውን እንዳልከው ማጠራቀም ጀምሬያለሁ። ለዚሁ ብዬ አዲስ የቆርቆሮ ባልዲ ገዛሁ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ፊቴን የማይበት። ጨለማው ክፍል ውስጥ ክዳን አድርጌበት ተቀምጧል። ለሳይንስ ነው ብዬዋለሁ፤ ባልዲው ምንም አልመለሰልኝም።

ሸዋነሽ


ዛግሬብ፣ የካቲት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሸዋነሽ፤

ጤናችሁ ከእኔ ናፍቆት የበዛ ይሁን። መልሴ የዘገየው በፈተና ምክንያት ነው።

ወደ ጉዳያችን። ማዕድኖች ሁሉ እኩል አይደሉም። ከአሲድና ከጨው ጋር ለመቀላቀል የሚቸኩሉ አሉ፤ የማይቸኩሉ አሉ። በተርታ ስናቆማቸው ከችኩሉ ስንጀምር ማግኒዝየም፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ፣ ብረት፣ እርሳስ፣ መዳብ፣ ብር ይሆኑና መጨረሻው ላይ ወርቅ አለ። ከአዲስ አበባ ዲላ የሚመጣውን አውቶቡስ አስቢ። ወንበር ሁሉ ተይዟል። ብር ተቀምጧል። ዚንክ በበሩ ሲገባ ወንበሩን ይቀማውና ብር ይወርዳል። ሃይፖሽ አውቶቡሱ ነው። ዚንክ ብትጨምሪበት ዚንኩ ይሟሟና ብሩ ተባሮ ታች ይረጋል። ብረትም ይሠራል፣ ግን ቀስ ይላል። መዳብም ይሠራል፣ ከብር በላይ ስለቆመ። ወርቅ ግን ብትጨምሪ ማንንም አያስነሳም፤ ቆሞ ይሄዳል።

ዚንክ ለማግኘት የጣሪያ ቆርቆሮ ቁርጥራጭ ይበቃል። የሚያብረቀርቀው ልባሱ ዚንክ ነው። ለዚሁም ስል አንድ ነገር በብርቱ አስጠነቅቅሻለሁ፦ ሃይፖውን በምንም ዓይነት በቆርቆሮ ባልዲ እንዳታስቀምጪ። ትልቁ የጠርሙስ ደምበጃን ወይም የሸክላ ዕቃ ይሁን።

ደግሞም ብሩ እንዲበዛ ሃይፖውን ቶሎ ቶሎ አትቀይሪው። እስኪደክም ተገልገዪበት።

ሐሳቤን አሁን ልንገርሽ። ብሩ በቂ ሲሆን አንጥረኛው ኡስማን ለእማዬ አዲስ የአንገት መስቀል ይሥራላት፤ የእኔ ስጦታ ይሁን።

ደመላሽ


ዲላ፣ መጋቢት 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደመላሽ፤

ጾሙን እንደያዝን አለን፤ አንተንም ባለህበት ይጠብቅህ፤ እዚያ የምትበላውን አልጠይቅም።

«በቆርቆሮ ባልዲ እንዳታስቀምጪ» የሚለው ደብዳቤህ የደረሰኝ ባልዲው ባፈሰሰ በሳምንቱ ነው። ፖስታ ቤቱን አልወቅስም፤ አንተንም አልወቅስም፤ ዚንክን ግን አሁን አውቀዋለሁ። ጠዋት ጨለማውን ክፍል ስከፍት ወለሉ ርሷል። ክዳኑን ባነሳው ፊቴን የማይበት ባልዲ ውስጡ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ታችኛው መጋጠሚያው ተበልቷል፤ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ተኝቷል። ሽታውን አልገልጸውም። ሃይፖው ተበላሸ ብዬ ልደፋው ስል የቀድሞው ደብዳቤህ ትዝ አለኝና ጭቃውን በማንኪያ ሰብስቤ ኡስማን ዘንድ ወሰድኩት።

ኡስማን እንደተውከው ነው፤ ያው የዲላን መስቀል ሁሉ የሚሠራው እስላሙ አንጥረኛ። ጭቃውን በእንጨት ነካ አደረገና፣

«ይህን ከማን ጭስ ማውጫ ጠረግሽው?» አለኝ።

«ከነጠላ የወጣ ብር ነው።»

«ሸዋነሽ፣ ብቻሽን ብዙ አትቀመጪ» አለኝ። ለማንኛውም አድርቆ፣ ቦራክስ የሚሉትን ማቅለጫ ጨምሮ፣ ወናፉን ነፋበት። ጥቁሩ ሁሉ ወደ ጎን ሸሸና ከመሐል የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር እየተንከባለለች ወጣች። ቆንጥጦ ይዟት፣ ነክሷት፣ ብርሃን ላይ አያት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው ጨምሯል።

አሁን በደምበጃን ነው የማጠራቅመው፤ የቆርቆሮ ቁርጥራጭ እየጨመርኩ። ያንተ አውቶቡስ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ታዝቤያለሁ፦ የሚወርደው ሁልጊዜ የከበረው ነው።

ስጦታህን ለእማዬ ነገርኳት። «አዲስ መስቀል?» አለች። «ሁለት አንገት የለኝ!» እኔም የምለው ይህንኑ ነው። መስቀል አላት፤ አንተ ዘንድ ነው። ኃይለኢየሱስ መቼ ነው የሚነሳው? ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ ስለ ማግኒዝየም በሰፊው ጽፈሃል፤ ስለ መስቀሉ ግን የጻፍከውን አላገኘሁም። ገጽ ጎድሎ እንደሆነ እይልኝ።

ሸዋነሽ


ዛግሬብ፣ ግንቦት 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፤

ትንሣኤውን እንዴት አሳለፋችሁ? ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ።

ገጽ አልጎደለም።

ብር የማይጠፋ ነገር መሆኑን እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ። አምና በቤተ ሙከራችን ይህንኑ የሚያሳይ ሥራ ተሰጥቶን ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ትንሽ ብር ይዞ እንዲመጣ ተነገረው፦ ማንኪያ ይሁን፣ ቁልፍ ይሁን፣ የጆሮ ጌጥ ይሁን። ብሩን ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ትጨምሪዋለሽ። ቡናማ ጭስ ይወጣና ብሩ ይሟሟል፤ ፈጽሞ አይታይም። ጠገራ ከሆነ መዳብ ስላለበት ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፤ በጣም ያምራል። ሰው ሲያየው ጠፋ ይላል። ግን የመዳብ ሽቦ ስትነክሪበት ብሩ ፀጉር ፀጉር እየመሰለ በሽቦው ላይ ይበቅላል። ዓይንሽ እያየ ይመለሳል። ሕጉ ይህ ነው፦ ከገባው አንዳችም አይጠፋም። እኔ ይህን ሕግ ከማመኔ የተነሳ ሌሎቹ የጆሮ ጌጣቸውን እየሰሰቱ ጫፉን ሲቆርጡ እኔ ከሁሉ ቀድሜ ጨመርኩ። መምህሩ በጣም አመሰገነኝ።

ኡስማን ለአንድ የአንገት መስቀል ምን ያህል ብር እንደሚፈልግ ጠይቂልኝ፤ የድሮውን የእማዬን የሚያህል ከሆነ ማለቴ ነው።

እዚህ ትምህርቴን ስጨርስ በዚሁ ቤተ ሙከራ እንድቀር ሥራ ሊሰጡኝ ይፈልጋሉ። ምናልባት እቀበል ይሆናል። ለእማዬ አሁን አትንገሪያት።

ደመላሽ


ዲላ፣ ሰኔ 25 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደመላሽ፤

ጤና ስጠን ብለን ስንለምን አንተንም እንጨምራለን።

መጀመሪያ ያጠፋነውን ልንገርህ። «ሃይፖውን እስኪደክም ተገልገዪበት» ባልከኝ መሠረት ተገለገልኩበት። ደክሞ ነበር፤ አላስተዋልኩም። የደከመ ሃይፖ ወረቀቱን በደንብ አያጥበውም፤ ፎቶው ሲወጣ ያምራል፣ ሰንብቶ ግን ነጩ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ይህንን ያወቅሁት የሬኮው አቶ ሙሉካ ሲመጡ ነው። ቡና አምራች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውንም መዘምራን ይመራሉ፤ በአማርኛቸው ግን ሴቱም ወንዱም አንድ ነው።

«እትዬ ሸዋነሽ፣ ሚስቴ ቢጫ ሆነ» አሉኝ።

«ውይ! ሐኪም ቤት ወሰዷት?»

«ቤት ያለውማ ደህና ነው፤ ችግኝ ይተክላል። የታመመው ይሄ ነው» ብለው ፎቶውን ከተጠቀለለበት የእንሰት ቅጠል ፈተው አወጡት። ሚስታቸው ነጭ ቀሚስ ለብሰው ነው የተነሱት፤ አሁን እንደ እርድ ሆነዋል።

ከአቶ ሙሉካ በኋላ መዘምራኑ በሙሉ መጡ። ከመዘምራኑ በኋላ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች መጡ። ሁሉንም በነፃ ደግሜ አነሳሁ። አንድም ሰው አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አቶ ሙሉካ ብቻ አዲሱን ሲያዩ፣ «እንኳን ቢጫ ሆነ! ያን ጊዜ ቀጭን ነበር፤ አሁን እንዴት ያለ ወይዘሮ ሆኗል!» አሉ። ደግ ሰው ናቸው። እኔ ግን ሃይፖዬን በጊዜው እቀይራለሁ፤ ብሩ የሚያንስ ከሆነ ይነስ። በሰው ፊት ላይ ብር አላጠራቅምም።

አሁን ወደ ደብዳቤህ ልምጣ። መስቀል እንጠይቅሃለን፣ ስለ ዚንክ ትመልሳለህ። ኃይለኢየሱስ መቼ ይነሳል እንላለን፣ ስለ ናይትሪክ አሲድ ትመልሳለህ። በመጨረሻው ደብዳቤህ ደግሞ ጠገራ አሲድ ውስጥ ሲገባ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፣ በጣም ያምራል አልክ። ዛግሬብ ውስጥ ጠገራ ማን ይዞ መጣ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ጠገራው ላይ ያለችው ንግሥት በዚያው አካባቢ ትገዛ ነበር ይባላልና፣ ሌላ ተማሪ ይዞት መጥቶ ይሆናል ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩልህ። በማግስቱ ግን «ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ» የሚለውን አነበብኩት። አንተ ከቤትህ ይዘህ የሄድከው ብር አንድ ነው።

ምንም አልጠይቅህም፤ ምንም አትመልስልኝ። ለኬሚስትሪው ብቻ አንድ ጥያቄ አለኝ። ብሩ ከአሲዱ ሲመለስ ቅርጹን ይዞ ነው የሚመለሰው?

ስለ ሥራው ለእማዬ አልነገርኳትም። ግን ያ ቤተ ሙከራ ስላስፈለገህ ነው የምትቀረው፣ ወይስ አንገትህ ባዶ ስለሆነ?

ኡስማን የመስቀሉን መጠን ሰምቶ፣ እስካሁን ያጠራቀምኩትን መዝኖ፣ «ግማሽ መስቀል አለሽ» ብሎኛል።

ሸዋነሽ


ዛግሬብ፣ ሐምሌ 26 ቀን 1958 ዓ.ም.

እትዬ፤

ቅርጹ አይመለስም። ሕጉ ስለ ቅርጽ የሚለው ነገር የለም።

ክብደቱም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ በማጥለያው ወረቀት ላይ የቀረ አለ፣ ጠርሙስ ሲታጠብ የሄደ አለ። ኃይለኢየሱስ በትንሽ ጠርሙስ ግራጫ ዱቄት ይዞልሽ ይመጣል። ኡስማን ከአንቺው ጋር አብሮ ያቅልጠው። አብሮ መሆኑን አደራ።

ስለ ሥራው ውሉን እስከ ኅዳር እንድፈርም ጊዜ ሰጥተውኛል።

ደመላሽ


ዲላ፣ መስከረም 29 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደመላሽ፤

አዲሱ ዓመት የምትመለስበት ይሁንልህ። ከዚህ ሌላ ምርቃት ዘንድሮ አልጨምርም።

ኃይለኢየሱስ ደህና ገባ። ጠርሙሷን ከኪሱ ሲያወጣ የጉምሩክ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎት እንደነበር ነገረኝ። «የእናት መድኃኒት ነው ብዬ አለፍኩ» አለ። ምን እንደያዘ አያውቅም። አልነገርኩትም።

እኔ በቆርቆሮ ያረጋሁትን ጭቃና ያንተን ዱቄት ይዤ ኡስማን ዘንድ ሄድኩ። ዱቄትህን እጁ ላይ አፍስሶ፣

«ይሄኛውስ ከማን ነጠላ ነው?» አለኝ።

«ከእናቴ።»

ወናፉን አነሳ። አንድ ላይ አቀለጣቸው። ሲፈላ ቆሜ አየሁት፤ የትኛው የሬኮ፣ የትኛው የወናጎ፣ የትኛው የአባባ ጠገራ እንደሆነ መለየት አይቻልም። መስቀሉን እንደነገርኩት አድርጎ ሠራው። ሲጨርስ ግን ጉጠቱን አንስቶ፣ «አሮጌው ላይ ንክሻ ነበረበት አላልሽም? በግራው ክንፍ ልሥራላት?» አለኝ። አንድ ሌሊት አሰብኩበት፤ አልደብቅህም። ከዚያ አይሆንም አልኩት። የእማዬ ጣት ጥርስንና ጉጠትን ይለያል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መስቀሉን እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

«ደመላሽ የላከው ነው» አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም።

 አውራ ጣቷ በቀጥታ ወደ ግራው ክንፍ ሄደ። ጫፉ ላይ ደረሰ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ወደ ቀኙ ክንፍ ተሻገረ፤ ምናልባት ገልብጬ ይዤው ይሆናል ያለች ይመስላል። መስቀሉን ገልብጣ እንደገና ፈለገች። እኔ የምቆምበት ጠፍቶኝ መጋረጃ አስተካክል ነበር።

«ከብዷል» አለች በመጨረሻ። «ኡስማን ነው የሠራው?»

«በምን አወቅሽ?»

«ኡስማን ማንጠልጠያ ሲሠራ በሬ የሚታሰርበት ነው የሚያስመስለው።»

«እማዬ፣ የድሮው ብር ውስጡ አለ።»

«የቱ ጋ?»

«ተቀላቅሏል።»

«እሱስ? እሱም እዚያው ተቀላቅሎ ሊቀር ነው?»

ስለ ሥራው አልነገርኳትም ነበር። ዓይኗ እንጂ ሌላው አልደከመም።

ከዚያ መስቀሉን ባንገቷ አሰረችው፤ እኔን አላስነካችኝም፤ ራሷ አሰረችው። ወረቀት አምጪ አለችኝና ይህን አስጻፈችኝ። እንዳላሳጥር አስምላኛለች፤ ቃሉ እንዳለ ይኸውልህ፦

«ደመላሽ፣ መስቀሉ ደርሶኛል፣ ጥሩ ነው። ንክሻው ግን የለበትም። ንክሻውን ለሰው አደራ አትስጥ፤ ራስህ ይዘኸው ና።»

ሸዋነሽ


ዛግሬብ፣ ኅዳር 11 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ጥሩብርሃን፤ እትዬ ሸዋነሽ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱም እንዳለ ነው።

ውሉን አልፈረምኩም። በሰኔ ፈተናዬን እጨርሳለሁ፤ ሐምሌ ሳይወጣ ዲላ እገባለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አለኝ። «አያመኝም፤ መጀመሪያ የበቀለችልኝን ጥርስ አሳየኝ» አልኩት። ትንሽ አየኝና፣ እሷማ በልጅነትህ ወልቃለች፣ አሁን በቦታዋ ያለችው ሌላ ናት አለኝ። አውቃለሁ። ጣሪያ ላይ የወረወርሻት አንቺ ነሽ፤ ቆርቆሮው ላይ ስትንከባለል ሰምቻለሁ።

በቦታዋ የገባችው ግን ጠንካራ ናት፤ ሐኪሙ በብረት መታ መታ አድርጎ አይቷታል። ለብር ትበቃለች። እስክመጣ ለሌላ ልጅ አታስነክሺው።

ልጅሽ ደመላሽ